ዊንተርን ከነቤተሰብ ማሳለፊያ፦ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ቤት ሞቆ፣ ምስጋናም ሳይቋረጥ (ዝርዝር መመሪያ)

ይሄን የምጽፈው በዋናነት ሚኒሶታ ላሉ ወላጆች ነው፣ ግን ዴንቨርም ቺካጎም ቶሮንቶም ስቶክሆልምም ያላችሁ ቁጥሩን ወደየከተማችሁ እየቀየራችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ዊንተር ሲባል ሁሉም ሰው ብርዱን ነው የሚፈራው፣ ብርዱንስ ጃኬት ይችለዋል፣ ቤተሰብን የሚጎዳው ጨለማውና ሺፍቱ ተደራርበው ሲመጡ ነው። ታህሳስ 12 አካባቢ፣ ማለትም ዲሴምበር 21 ላይ፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት 7:48 ገደማ ነው፣ የምትጠልቀው ደግሞ ከሰዓት 4:34 ገደማ (ሰዓቱን ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እንኳን አይሞላም። ልጆች በጨለማ ባስ ይጠብቃሉ፣ ከትምህርት ቤት መጥተው መክሰስ በልተው ቀና ሲሉ መሽቷል፣ አባት ሌሊት ሰርቶ ጠዋት ይተኛል፣ እናት ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች፣ እንዲህ እየሆነ አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ ሳምንቱን ሙሉ በር ላይ ብቻ የሚተላለፉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

እኔ አጥብቄ የማምነው እነዚህን አምስት ወራት ቤተሰቡን አንድ አድርጎ የሚያቆየው በየቀኑ እርስ በርስ መመሰጋገን ነው። ግን ምስጋና እንዲሁ ከላይ አይወርድም፣ ቤቱ መሞቅ አለበት፣ ሰዓቱ መያዝ አለበት፣ ማዕድ መኖር አለበት። ስለዚህ ከመስኮት ጀምረን ወደ ማዕድ እንሄዳለን።

ደረጃ 1፦ በረዶው ሳይወርድ ቤቱን፣ መኪናውንና ልብሱን አዘጋጁ

ጥቅምት ሳያልቅ አንድ ቅዳሜ መድቡለት። ሃርድዌር ሱቅ ሄዳችሁ የመስኮት ፕላስቲክ ግዙ፣ ዙሪያውን በማጣበቂያው ለጥፋችሁ በፀጉር ማድረቂያ ስታሞቁት ጥርት ብሎ ይወጠራል፣ ልጆች ይሄን ሥራ በጣም ይወዱታል ስለዚህ ማድረቂያውን ትልቁ ልጅ ይያዝ። ከበር ስር ንፋስ የሚገባ ከሆነ ፎጣ ጠቅልሎ መዘርጋት ይበቃል። የራሳችሁ ቤት ከሆነ የፈርነሱን (የቤት ማሞቂያውን) ፊልተር ቀይሩ። ኪራይ ከሆነ ደግሞ መብታችሁን እወቁ፦ በሚኒሶታ ሕግ አከራይ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ቢያንስ 68 ፋራናይት ሙቀት ማቅረብ አለበት። ማሞቂያው ካልሰራ ዝም ብላችሁ ብርድ ልብስ አትደራርቡ፣ በቴክስት ወይ በኢሜይል ቀኑ እንዲታወቅ አድርጋችሁ ጻፉለት።

ሂሳቡ ከበዳችሁስ? ብዙ ሰው በሃፍረት ዝም ይላል። በነዚሁ ወራት ኮልድ ዌዘር ሩል የሚባል ሕግ አለ፣ ለመብራት ወይ ለጋዝ ካምፓኒው ራሳችሁ ደውላችሁ በአቅማችሁ የክፍያ ፕላን ከተስማማችሁና ያንን ካልዘለላችሁ ማሞቂያችሁን አይቆርጡባችሁም። ዋናው መደወሉ ነው፣ ካልደወላችሁ ግን ሊቆረጥ ይችላል። ኢነርጂ አሲስታንስ የሚባል የማሞቂያ ሂሳብ እርዳታም አለ፣ በገቢ ነው የሚታየው፣ ቀድማችሁ አመልክቱ።

አሁን ደግሞ የምለምናችሁ ነገር አለ። ከሰል ቤት ውስጥ በፍጹም አታቀጣጥሉ። ለቡናም ቢሆን፣ ለዕጣንም ቢሆን፣ መስኮት ገርበብ አድርጌ ነው ብትሉም። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ሽታ የለው ቀለም የለው፣ መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ነው፣ ከዛ እንቅልፍ፣ ከዛ ደግሞ መንቃት የለም። ሀገር ቤት ቤቱ በየቦታው ንፋስ ያስገባ ነበር፣ እዚህ እኛው ራሳችን ነን ፕላስቲክ ለጥፈን የዘጋነው። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል፣ ለዕጣኑም ኤሌክትሪክ ማጨሻ በሀበሻ ሱቅ ይሸጣል። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ መኖር አለበት፣ ይሄም የሚኒሶታ ሕግ ነው፣ መፈተሻውን ተጭናችሁ ባትሪውን ፈትሹት። መኪናም ጋራዥ ውስጥ በሩ ክፍት ቢሆንም አስነስታችሁ አታሙቁ፣ ወደ ውጪ አውጡት።

ልብስ ላይ ብዙ ብር አታጥፉ፣ ልጅ በዓመቱ ያድጋል። ስሪፍት ስቶር (ያገለገለ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ) ላይ ጥሩ ጥሩ ጃኬት ይገኛል፣ ብራችሁን ለቦት ጫማ አድርጉት፣ ቦቱ ከወፍራም ካልሲ ጋር እግር የሚያላውስ መሆን አለበት። ጣት ካለው ጓንት ይልቅ ጣቶቹ አንድ ላይ የሚገቡበት ሚተን ይሞቃል። ከስር የሚለበሰው ጥጥ ባይሆን ይመረጣል፣ ጥጥ ከረጠበ ያቀዘቅዛል። ካር ሲት (የልጅ የመኪና ወንበር) ላይ ደግሞ ልጁን ወፍራም ጃኬት አልብሳችሁ ቀበቶውን አትሰሩ፣ በአደጋ ጊዜ ጃኬቱ ይጨመቅና ቀበቶው ላላ ይላል፣ ቀበቶውን በሹራብ አጥብቃችሁ ሰርታችሁ ጃኬቱን ከላይ አልብሱት። መኪናው ውስጥ ብርድ ልብስ፣ አካፋ፣ የባትሪ ገመድ፣ ባትሪ መብራትና ብስኩት ምናምን ይኑር፣ ነዳጅም ከግማሽ አይውረድ።

ደረጃ 2፦ ፍሪጁ ላይ አንድ ካሌንደር ስቀሉ

ስልክ ላይ ያለ ካሌንደር ለቤተሰብ አይሆንም፣ ሁሉም የየራሱን ነው የሚያየው። ትልቅ ወረቀት አምጡና የእናትና የአባትን ሺፍት በተለያየ ቀለም ጻፉ፣ የልጆችን ትምህርት የሌለበትን ቀን ጨምሩ፣ ከዛ ሁሉም አንድ ላይ ቤት የሚሆንበትን ሰዓት አክብቡት። አንዳንዱ ሳምንት የሚከበበው ሁለት ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል። እሱኑ ከቀጠሮ ሁሉ በላይ አክብሩት፣ ኦቨርታይም ሲመጣም መጀመሪያ እሱ ይታይ።

በዓላቱን በኛና በፈረንጅ ቀን አድርጋችሁ ጻፉ፦ ህዳር 12 ሚካኤል ኖቬምበር 21 ነው፣ ጾመ ነቢያት ህዳር 15 ይገባል ኖቬምበር 24፣ ህዳር ጽዮን ኖቬምበር 30፣ ቁልቢ ገብርኤል ዲሴምበር 28፣ ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19። በየአራት ዓመቱ አንዳንዶቹ በአንድ ቀን ይገፋሉ፣ ገና ግን ጃንዋሪ 7 ላይ ይቆያል። ሙስሊም ቤተሰቦች ደግሞ ረመዳን በነዚህ ዓመታት ዊንተር ውስጥ ነው፣ በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ቀደም እያለ ስለሚመጣ በየጊዜው አስተካክሉት፣ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ፀሐይ ከምሽቱ 6 ሰዓት በፊት ስለምትጠልቅ ልጆችም ከትምህርት ቤት ተመልሰው ኢፍጣር ላይ ይደርሳሉ፣ በበጋ ረመዳን የማይገኝ ዕድል ነው ተጠቀሙበት።

ፈቃድ የሚጠየቀው አሁን ነው፣ ገና ሲደርስ አይደለም። ጃንዋሪ 7 እዚህ ተራ የሥራ ቀን ነው፣ ሁሉም ሀበሻ ያንኑ ቀን ነው የሚጠይቀው። ለልጆች ትምህርት ቤትም የሃይማኖት በዓል መሆኑን በጽሁፍ አስቀድማችሁ አሳውቁ።

ደረጃ 3፦ የማዕድ ምስጋና

የዚህ ሁሉ መሠረት ይሄ ነው፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

አሰራሩ ቀላል ነው። ካሌንደሩ ላይ ያከበባችሁት ሰዓት ሲደርስ ቁጭ ትላላችሁ፣ ስልክ ሁሉ ሌላ ክፍል ይቀመጣል የወላጅም ጭምር፣ እንደ እምነታችሁ ማዕዱ ይባረካል፣ ከዛ እየተበላ እያንዳንዱ ሰው አንድ ምስጋና ይናገራል። አንድ ብቻ። ምስጋናው ሦስት ነገር ይኑረው፦ ሰው ይጠራ፣ ያ ሰው ያደረገው ነገር ይጠራ፣ ዛሬ ወይ ትናንት የሆነ ይሁን። «ለሁሉም ነገር ተመስገን» ጸሎት ነው፣ መጀመሪያ ይባል፣ ግን እዛ ላይ ካቆምን ልጁ ማን ምን እንዳደረገለት ሳያስተውል ያድጋል። «አባዬ ጠዋት የመኪናውን መስታወት በረዶ ስለፋቅክልን» ሲል ግን አባቱ እሱ ተኝቶ እያለ በዛ ብርድ ወጥቶ እንደነበር አየ ማለት ነው። አባትየውም እንደታየለት አወቀ።

ወላጆች ቅደሙ። እኛ ጋ ለባል ወይ ለሚስት አመሰግናለሁ ማለት እንደ ባዕድ መተያየት የሚመስላቸው አሉ፣ ለልጅ ማመስገን ደግሞ ጭራሽ፣ «ግዴታው አይደል እንዴ» ይባላል። ግን እኮ የራሳችን መንገድ አለን፣ ምርቃት! እጅሽ ይባረክ፣ ዕድሜ ይስጥህ፣ እደጊልኝ፣ ክፉ አይንካህ። ልጁ እህቱን ጫማዋን ካሰረላት «ተባረክ፣ ወንድም ማለት እንዲህ ነው» በሉት፣ ሌላው ሁሉ እየሰማ። ሚስት ባሏን፣ ባል ሚስቱን ልጆች ፊት ያመስግኑ፣ ልጆች ከምንም ትምህርት በላይ ያንን ይይዛሉ። እጅሽ ይባረክ የምትል አንዲት ቃል ከአስራ ሁለት ሰዓት ሺፍት መጥታ ወጥ ለሰራች እናት ምን እንደምታደርግ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አሁን ልብ በሉልኝ፣ ምስጋናን በንጽጽር አታስተምሩ። «ሀገር ቤት ያሉትን ልጆች ብታይ ይሄን ምግብ አትተውም ነበር» እያልን ብዙዎቻችን አድገናል፣ እኛም ለልጆቻችን እንደግመዋለን፣ እዚህ የተወለደ ልጅ ግን ከዛ የሚይዘው ጥፋተኝነት ነው፣ ሀገር ቤትንም የችግር ሀገር ብቻ አድርጎ ይስለዋል። የሌላው ሰው ማጣት ለኛ ልጅ የምስጋና ምክንያት መሆን የለበትም። ስለ ሀገር ቤት ማውራት ከፈለጋችሁ ያደረጉላችሁን አውሩ፣ አክስት በትምህርት ጊዜ እንዴት እንዳስጠለለቻችሁ፣ ጎረቤት ምን ብድር እንደሰጠ። ያን ጊዜ ልጁ ከሰው ተቀብለው እዚህ የደረሱ ሰዎች ልጅ መሆኑን ያውቃል።

በየእድሜው ይለያያል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ «ለውሻው» ቢል ተቀበሉት፣ ውሻ ባይኖራችሁም። ከስድስት እስከ አስር ያሉት በጣም ጎበዞች ናቸው፣ እነሱን ሰብሳቢ አድርጓቸው፣ ማን እንደሚቀጥል እነሱ ይጥሩ። ቲኔጀር «ምንም የለኝም» ሊል ይችላል፣ አትግፉት፣ «እሺ ለነገ ይቆይ» ብላችሁ እለፉ፣ ስለ እሱ ግን እናንተ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲሰማ ከቆየ በኋላ በራሱ ይገባበታል። በእንግሊዝኛ ቢናገሩም አታቋርጡ። ዛሬ አማርኛውን ካረምን ነገ ዝም ይላል፣ ምርቃቱን እናንተ በአማርኛ መልሱለት፣ ጆሮው ያንን ይዞ ይቀራል።

ማማረርም ይፈቀድ። ልጁ ቀኑ ከፍቶበት ከመጣ መጀመሪያ ያውጣው፣ ማን እንደሰደበው፣ ባስ ላይ ምን እንደተባለ ይናገር፣ ወላጅም ደክሞኛል ይበል። የታፈነ ብሶት ላይ የተጫነ ምስጋና ውሸት ይሆንና ልጆች ወዲያው ያውቁታል።

ሌሊት ሺፍት ያለ ሰውስ? ፍሪጁ ላይ ካሌንደሩ አጠገብ ትንንሽ ወረቀትና እስክሪብቶ ስቀሉ፣ ማዕድ ላይ የተባለውን ምስጋና አንዱ ልጅ ይጻፈው፣ ቀኑንም ያስገባበት፣ ሌሊት ሰርቶ የሚመጣው ሰው ጠዋት ያነበዋል፣ የራሱንም ጽፎ ይተኛል። ማንበብ ያልጀመሩ ልጆች ካሉ በቴሌግራም ወይ በዋትስአፕ የድምጽ መልዕክት ይላኩለት፣ ለእረፍት ሲወጣ ብሬክ ሩም ቁጭ ብሎ ይሰማዋል። ወረቀቶቹን አትጣሉ፣ የብስኩት ቆርቆሮ ወይ የጫማ ካርቶን ውስጥ አጠራቅሟቸው፣ ገና ላይ እንፈልጋቸዋለን።

መርዶ የመጣ ጊዜ... ይሄን መናገር ይከብዳል ግን ዊንተር ላይ ሲደርስ ደግሞ ይብሳል፣ ቲኬት ውድ ነው፣ ፈቃድ የለም፣ ቀብር ሳይደረስ ይቀራል፣ ውጪው ጨለማ ነው። እንደዛ ባለ ሳምንት ምስጋና በሉ ብላችሁ ማንንም አታስጨንቁ። ለቅሶው ይለቀስ፣ እድር ካላችሁ ይጠራ፣ ሰው ይምጣ፣ ንፍሮው ይቀቀል። ቀኑ ገፋ ሲል ልጆች ስለ ሞተው ሰው ይጠይቃሉ፣ ያን ጊዜ ያደረገላችሁን አንድ በአንድ ንገሯቸው። አያታቸውን በስልክ ብቻ ለሚያውቁ ልጆች አያታቸውን የሚያገኙበት መንገድ እሱ ነው፣ ለእናንተም ልቅሶው መሃል የገባ ምስጋና ነው።

ደረጃ 4፦ ወጥ ቤቱ

ዊንተር ላይ ሊጥ አይነሳም ብላችሁ ለምታማርሩ፦ ኦቨኑን ሳታሞቁ መብራቱን ብቻ አብሩና ሊጡን ከድናችሁ ውስጡ አስቀምጡት፣ የአምፖሉ ሙቀት ይበቃዋል። መብራቱ እንደ ድሮው አምፖል የሚሞቅ መሆን አለበት፣ ኤልኢዲ ከሆነ አይሰራም። የኦቨኑ ማብሪያ ላይ «ሊጥ አለ» የሚል ወረቀት ለጥፉ፣ ማንም ሳያውቅ እንዳያበራው።

ጾሙ ሲገባ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን ያው የታወቀ ነው፣ ለጠዋት ግን ቅንጬ ወይ የአጃ አጥሚት ልጆችን ባስ ማቆሚያ ላይ ያሞቃቸዋል። ወተት የሚያቋርጡ ልጆች ካሉ ግን አስቡበት። እዚህ ወተት ውስጥ ቫይታሚን ዲ ይጨመርበታል፣ እኛ ደግሞ ቆዳችን ጠቆር ስለሚል በዛች ትንሽ ፀሐይ በቂ አናመርትም፣ ዊንተር ላይማ ሚኒሶታ ውስጥ ከፀሐይ የሚገኘው ከምንም አይቆጠርም። የሚገዛው የሶያ ወይ የአጃ ወተት ቫይታሚን ዲና ካልሲየም የተጨመረበት መሆኑን ካርቶኑ ላይ እዩ። ከአንድ ዓመት በላይ ላለ ልጅም እስከ 70 ዓመት ላለ አዋቂም የሚመከረው በቀን 600 ዩኒት ነው፣ ጡት ብቻ ለሚጠባ ጨቅላ 400 ዩኒት በጠብታ፣ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል፣ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው፣ ጾሙ ኖቬምበር 24 ስለሚገባ አብዛኛውን ዓመት ጾም ውስጥ ይወድቃል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለ ተርኪ ሲሰሙ ሰንብተው ይመጣሉ፣ ቤት ደግሞ ጾም ነው። የኔ ሃሳብ ግልጽ ነው፣ ቀኑን አትዝለሉት፣ ሁሉም እረፍት የሆነበት ቀን ዊንተር ላይ ስንት አለ? ሙሉ የጾም በያይነቱ ዘርጉ፣ የዱባ ወጥ ጨምሩ፣ ድንች በሮዝሜሪ ኦቨን ውስጥ ጠብሱ፣ ዘመድ ጥሩ፣ ምስጋናውም በዛን ቀን ረዘም ይበል። ተርኪውን ያን ሳምንት በርካሽ ገዝታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡትና ለገና በበርበሬ ታሽቶ ይጠበስ። የማይጾሙ ቤተሰቦች በዕለቱ ብሉት፣ ማንም ማንን አይፍረድ።

ደረጃ 5፦ ቅዳሜ ቡናና ስልክ

ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ሰዓት ሲቀየር ከኢትዮጵያ ጋር ያለን ልዩነት 9 ሰዓት ይሆናል። ቅዳሜ ጠዋት 9 ሰዓት ብትደውሉ እዛ ከምሽቱ 6 ሰዓት ነው (በሀገር ቤት አቆጣጠር 12 ሰዓት)፣ ሰው ቤቱ የሚገባበት። ቡናው እየተፈላ ቢደወል በጣም ጥሩ ነው፣ ሲቆላ ግን የኩሽናውን ማናፈሻ አብሩ አለዚያ የጭስ አላርሙ ይጮኻል።

ልጅን ስልክ አስይዞ «ሰላም በላቸው» ማለት ብቻውን አይሰራም፣ «ደህና ነኝ» ብሎ ይመልሰዋል። ከመደወላችሁ በፊት አንድ ጥያቄና አንድ ምስጋና አዘጋጁለት። «እማማ፣ ልጅ እያለሽ ለገና ምን ትጫወቱ ነበር?» ሲል አያት ስለ ገና ጨዋታ፣ ስለ ሩሩ፣ ስለ ሜዳው ታወራለች፣ ምስጋናው ደግሞ «የላክሽልንን በሶ እየጠጣን ነው፣ እግዜር ይስጥልን» ሊሆን ይችላል። እሷም ትመርቃለች፣ ምርቃቱን ስፒከር ላይ አድርጋችሁ ሁሉም አሜን ይበል።

ደረጃ 6፦ ወደ ውጪ ውጡ

በየቀኑ፣ ለሃያ ደቂቃም ቢሆን፣ በተለይ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ካለች። ሀበሻ ወላጅ ልጁን በብርድ ማውጣት ይፈራል፣ ይገባኛል፣ ግን ጉንፋን የሚያሲዘው ቫይረስ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚተላለፈው ተዘግተን በተቀመጥንበት ቤት ነው። መጠንቀቅ ያለባችሁ ውርጩን ነው፦ ዊንድ ቺል (ከንፋሱ ጋር የሚሰማው ቅዝቃዜ) ከዜሮ በታች 20 ፋራናይት ገደማ ሲደርስ የተጋለጠ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሊጎዳ ይችላል፣ እንደዛ ያለ ቀን ቤት ዋሉ። ጣት ወይ ጆሮ ከደነዘዘና ቀለሙ አመድማ ከሆነ አታሹት፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስገቡት፣ ትኩስ አይሁን፣ ካልተመለሰ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ስኖው ሲወርድ መጥረጉን የቤተሰብ ሥራ አድርጉት። ሚኒያፖሊስ ውስጥ የመኖሪያ ቤት እግረኛ መንገድ በረዶው ካቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ መጠረግ አለበት። የራሳችሁን ስትጨርሱ የጎረቤት አሮጊት ካሉ የሳቸውንም ጥረጉ፣ ልጆች አካፋ ይዘው የሚማሩት ምስጋና ማዕድ ላይ ከሚሰሙት አያንስም። ስኖው ኢመርጀንሲ (ከተማው በረዶ ለመጥረግ መኪና ማቆምን የሚከለክልበት) ከታወጀ ደግሞ መኪናችሁን አድኑ፦ የመጀመሪያው ቀን ከምሽቱ 9 እስከ ጠዋት 8 በስኖው ኢመርጀንሲ መንገዶች ላይ አይቆምም፣ ሁለተኛው ቀን ከጠዋት 8 እስከ ምሽት 8 በሌሎቹ መንገዶች የቤት ቁጥሩ ሙሉ (ተጋማሽ) በሆነበት ጎን፣ ሦስተኛው ቀን በዛው ሰዓት ጎዶሎ ቁጥር ባለበት ጎን አይቆምም። ሴንት ፖል የራሱ ሌላ ሕግ አለው።

በጣም ሲከብዳችሁ ሴንት ፖል ኮሞ ፓርክ ያለው የመስታወት ቤት ሂዱ፣ ከ1915 ጀምሮ ያለ ነው፣ መግቢያው ነጻ ነው፣ ከቻላችሁ ሳጥኑ ውስጥ የአቅማችሁን ትጥላላችሁ። ውስጡ ዘንባባና የሞቀ እርጥብ አየር ነው፣ ጃኬት አውልቃችሁ ትቀመጣላችሁ። ላይብረሪዎችም ሞቅ ያሉ ነጻ ቦታዎች ናቸው።

ደረጃ 7፦ ገና

የተጠራቀሙትን ወረቀቶች የምታወጡት ገና ላይ ነው። የሌሊቱ ቅዳሴ አልቆ ቤት ገብታችሁ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ እንቅልፍ ተተኝቶ፣ ከሰዓት ቡና ላይ ቆርቆሮው ይከፈት፣ ልጆች ተራ በተራ ያንብቡ። ማን ስንት እንደተመሰገነ አትቁጠሩ፣ አንዱ ልጅ ያዝናል። በተለይ ሌሊት የሚሰራው ሰው የጻፋቸው ይነበቡ፣ በዛ ሁሉ ሳምንት ከማዕዱ ጎድሎ የነበረው ድምጹ ያን ቀን ይሰማል። ስጦታ ካለ ትንሽ ይሁን፣ ዲሴምበር 25ንም ገናንም በስጦታ ማክበር ብዙ ቤት ዕዳ ውስጥ ከቷል፣ ከልጆቹ ጋር ቀድማችሁ አንዱን ምረጡ።

ደረጃ 8፦ ጥር መጨረሻና የካቲት

ጥምቀት ካለፈ በኋላ የሚጠበቅ ነገር ያልቃል፣ ብርዱ ግን አላለቀም። ብዙ ቤት ማዕዱ የሚቋረጠውም እዚህ ጋ ነው። ቀለል አድርጉት፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይሁን፣ መሪነቱን ለልጆች ስጡ፣ አንዳንዴ ፊልም እያያችሁ ፈንዲሻ እየበላችሁ ይሁን።

ድብርት ከመጣ ደግሞ ምስጋና መድኃኒት ነው ብላችሁ እንዳትሸፍኑት። በየዓመቱ በዚህ ወቅት ቀኑን ሙሉ መተኛት ከፈለጋችሁ፣ የምትወዱት ነገር ካስጠላችሁ፣ ልጁ ከክፍሉ አልወጣ ካለ፣ ይሄ የዊንተር ድብርት ሊሆን ይችላል፣ ይታከማል። 10,000 ለክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚባል የብርሃን ሳጥን አለ፣ ጠዋት እስከ 30 ደቂቃ አጠገቡ ይቀመጡበታል፣ የዓይን ሕመም ወይም ባይፖላር ካለባችሁ ግን መጀመሪያ ሐኪም ጠይቁ። ሐኪም ቤት አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ራስን የመጉዳት ሃሳብ ከመጣ ቀንም ሌሊትም 988 ይደወላል። ይሄ የእምነት መጉደል አይደለም፣ ንስሐ አባታችሁንም ኢማማችሁንም ሐኪሙንም አንድ ላይ ማነጋገር ይቻላል።

ደረጃ 9፦ መጋቢት ላይ መዝጊያው

የማርች ሁለተኛው እሁድ ሰዓት ይቀየራል፣ ከሀገር ቤት ያለን ልዩነት ወደ 8 ይመለሳል፣ የቅዳሜውን ስልክ አስተካክሉ። ልብሱን ለመሸከፍ ግን አትቸኩሉ፣ ኤፕሪል ላይም ስኖው ይወርዳል። ሲሸከፍ ሁሉንም ጃኬት እጠቡ፣ ዚፑን ፈትሹ፣ ለሚቀጥለው ዓመት የሚጠበውን ለዩ። የጠበበውን ቦት አጽዱና ሳይዙን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ጥንዱን በገመድ እሰሩት። ከሀገር ቤት አዲስ የሚመጡ አሉ፣ ብዙዎቹ ቀዝቃዛ ወር ላይ በስስ ጃኬት ነው የሚያርፉት፣ ቤተክርስቲያን ወይ መስጂድ ወይ እድር ላይ «ሳይዝ እንዲህ የሆነ የልጅ ቦት አለኝ» ብላችሁ አሁኑኑ ስማችሁን አስመዝግቡ። ሲሰጥ ልጃችሁ በእጁ ይስጥ፣ ቦቱንም እንዴት እንደሚያጠልቁት እሱ ራሱ ያሳያቸው።